የወደቀ ሞተር ቢስክሌትና የተደበቀ ጉዳት

በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ነገር ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፥ ሲደርስ ግን ሰውንም ንብረትንም የሚጎዳ ጉዳይ ነው። ይኸውም ሞተር ቢስክሌት ይዞ መውደቅና ከወደቁ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ጎዳናና ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲገቡ ደለላቸውን የሚያለብሱት፥ በሩዙና በከብቱ ዝርያ የታወቀ አገር ነው። አፈሩም ዋልካ ነው። ዋልካ ዝናብ ሲመታው እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ጎማ የሚይዝ ስንጥቅ ያበጃል። በዚህ ሜዳ የሚዘዋወር የግብርና ወይም የጤና ሠራተኛ ከዋናው መንገድ ከወጣ በኋላ፥ በዝግታ ቢሄድ እንኳ፥ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም። መውደቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላ ነው፤ እርሱን በመጨረሻ እናገራለሁ።

አንደኛ፥ ከንብረት በፊት ሰው ይታያል። የወደቀ ሰው በድንጋጤ ምክንያት ሕመሙ ቶሎ አይሰማውም። ስለዚህ ዘሎ ከመነሣት ይልቅ ጥቂት አረፍ ብሎ አንገቱን፥ እጁንና እግሩን ማዳመጥ ይገባዋል። ከዚያ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ያጥፋ። የተኛ ሞተር ቤንዚን ሊያፈስ ስለሚችል በአጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም አይለኮስም። ማርሚታው የጋለ ስለ ሆነ በባዶ እጅ አይነካም።

ሁለተኛው ነገር አነሣሡ ነው። ብዙ ሰው መሪውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ይጎትትና ወገቡን ይቀጫል። የሚሻለው እንዳይንከባለል ማርሽ ማስገባት፥ ጀርባን ለወንበሩ ሰጥቶ ቁጢጥ ማለት፥ በአንድ እጅ የመሪውን እጀታ በሌላው የወንበሩን ብረት ጨብጦ በእግር ጉልበት ወደ ኋላ እየገፉ መነሣት ነው። የጎን መቆሚያው በግራ በኩል ስለሚገኝ ሞተሩ በቀኙ ወድቆ እንደ ሆነ መቆሚያው አስቀድሞ ይዘርጋ፤ አለዚያ ከቀኝ የተነሣው ወደ ግራ ይወድቃል። መቆሚያው በዋልካ እንዳይሰምጥም ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም እንጨት ከሥሩ ይደረግለታል።

ሦስተኛው ምርመራ ነው። በቀኝ እጅ የሚዞረው የቤንዚን መስጫ ሲለቁት ወዲያው መመለስ አለበት፤ የማይመለስ ከሆነ ሳይጠገን አይነዳም። መሪው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው መዞሩ፥ ሁለቱም ፍሬኖች መያዛቸው፥ ፍሪሲዮኑ መልቀቁ ይፈተን። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የተጠቀጠቀው ጭቃ በእንጨት ይጠረግ፤ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሁለተኛ ጊዜ የሚጥለው እርሱ ነውና። የፍሬን ዘይት የሚንጠባጠብ፥ ጎማው የተጣመመ ወይም የፊቱ ሹካ የታጠፈ እንደ ሆነ በእግር መግፋት እንጂ መንዳት አይገባም።

ሞተሩ በቦይ ወይም በሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ከነበረ ቸኩሎ ማስነሣት ትልቅ ስሕተት ነው። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ በሲሊንደር ውስጥ ካለ ቢየላውን ያጣምማል። ስለዚህ ካንዴላው ተፈትቶ፥ ማስነሻው በእግር እየተመታ ውኃው በቀዳዳው ይውጣ፤ የአየር ፊልትሮውም ይድረቅ። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ቢገኝ ውኃ ገብቶበታልና ሳይለወጥ አይነዳም።

አራተኛው ጥቃቅን ጥገና ነው። መሪው ከጎማው ጋር አልተስተካከለም እንደ ሆነ የፊቱን ጎማ በጉልበቶች መካከል ይዞ መሪውን ማቃናት ይቻላል፤ እንቢ ካለ የሹካው ማሰሪያ ቡሎኖች ላላ ተደርገው ከተቃና በኋላ በተራ በተራ ይጠብቃሉ። የታጠፈው የማርሽ መርገጫ ብረት ስለ ሆነ ይቃናል፤ ነገር ግን ዘንጉን እንዳይጎዳ ተፈትቶ ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሉሚኒየም ስለ ሆኑ እናቃናችሁ ሲሏቸው ይሰበራሉ። ጥቂት ታጥፎ የሚሠራውን እንደ ታጠፈ ይዞ ከተማ መግባትና መለወጥ ይሻላል። የመያዣው ማሰሪያ ከልክ በላይ ካልጠበቀ በወደቀ ጊዜ ዞር ይላል እንጂ አይሰበርም። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሽፋን ስንጥቁ በሚያበቃበት ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ቢበሳለት ስንጥቁ አይቀጥልም፤ ከዚያ ባልቴቶች የተሰነጠቀ ቅል እንደሚሰፉ ሁሉ በቀጭን ሽቦ ይሰፋል። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ትንሽ ቀዳዳም ሞተሩ ከበረደ በኋላ በደረቅ የልብስ ሳሙና ቢታሽ ጋራዥ እስኪደርሱ ይይዛል፤ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟምና።

አሁን ወደ ነውሩ እንመለስ። ከዓመታት በፊት በዚያው ሜዳ በሥራ ላይ ሳለሁ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር በጭቃ ጣልሁት። የፊት ፍሬኑ መያዣ ታጠፈ፤ እኔም ማንም እንዳያውቅብኝ በፒንሳ አቃናሁት። በሥሩ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አየሁና በጥቁር ቀለም ሸፈንሁት። በሳምንቱ ሞተሩን የተረከበው ባልንጀራዬ ከዓለም በር ወደ ወረታ ሲወርድ ከብት መንገድ ገባበት፤ ፍሬኑን ሲጨብጥ መያዣው በእጁ ላይ ቀረ። ነፍሱ ተረፈች፤ የትከሻው አጥንት ግን ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ እውነቱን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ወድቄአለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ከዚህ የከበደ ወቀሳ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

እንግዲህ የመንግሥት ሞተር የተረከባችሁ ሁሉ፥ ከወደቃችሁ በዚያው ቀን በመዝገብ ጻፉ፤ ቀኑን፥ ቦታውንና የተጎዳውን ዕቃ ሳትሸሽጉ አመልክቱ። አለቆችም የተናገረውን ሠራተኛ ከመውቀስ ይልቅ የተደበቀውን ጉዳት ፍሩ። ተቆጪ አለቃ ባለበት ቤት ስንጥቅ ሁሉ በቀለም ይሸፈናልና። አንድ መለዋወጫ መያዣ ከወንበሩ ሥር ማስቀመጥ ብዙ አያስወጣም፤ የሰው ትከሻ ግን መለዋወጫ የለውም።