የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያና የማይቋረጥ ትምህርቱ

ከየአጥቢያው ወደ ኮሚሽናችን ከሚደርሱት የድጋፍ ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ለአንድ ሕመምተኛ የመድኃኒት መግዣ ወይም የመጓጓዣ ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ደብዳቤውን የጻፈው ሰበካ ጉባኤ፣ ሕመምተኛው በተኛበት ሆስፒታል ውስጥ ይህንኑ ጉዳይ እንዲከታተል የተመደበ ባለሙያ ሊኖር እንደሚችል ብዙ ጊዜ አያውቅም። ይህም በየሆስፒታሉ «ሶሻል ወርከር» እየተባለ የሚጠራው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነው። ስለ እርሱና ሥራ ከያዘ በኋላ ሊቀጥል ስለሚገባው ትምህርት ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የዕውቀቱ መድከም በመጨረሻ የሚያርፈው በእኛው ምእመናን ላይ ስለሆነ ነው።

ድውያንን ማስጠጋት ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ከተማ ዳርቻ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለለምጻሞች ያሠራው ቤት ሐኪምም ማደሪያም ነበረው። በዘመናዊ ሆስፒታል ውስጥ ግን ለዚህ ተግባር ራሱን የቻለ ሠራተኛ መመደብ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ሜሪ ስቱዋርት የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1895 ስትቀጠር ዋና ሥራዋ በነፃ ለመታከም ከሚሰለፉት መካከል መክፈል የሚችለውን ከማይችለው መለየት ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል፣ ዶክተር ሪቻርድ ካቦት ተመሳሳይ ሠራተኛ ሲመድብ ጥያቄው ሌላ ነበር፤ እኔ ያዘዝሁት መድኃኒት ሕመምተኛው ቤቱ ሲደርስ ለምን ከንቱ ይሆናል? የሚል ነበር። ሙያው ከበር ጠባቂነት ወደ ቤተሰብ ወዳጅነት የተሻገረው በዚህ ጥያቄ ይመስለኛል።

በአገራችን የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። በመካከሉ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ያለ ተተኪ አለፈ። በአንድ የአብነት ትምህርት ቤት የመምህሩ ወንበር ይህን ያህል ዘመን ባዶ ቢቀር ምን እንደሚከተል ለካህናት አባቶቻችን መንገር አያሻም። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናገኛቸው ወጣት ባለሙያዎች ብዙዎቹ በሥራው የሸበተ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ሳያገኙ ብቻቸውን የተሰማሩ ናቸው።

ትምህርቱ ለምን ይቀጥል ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ባለሙያው የተማረው ነገር ስለሚለወጥ ነው። የሕክምና ወጪን እንውሰድ። ቀድሞ የድኃው መጠጊያ ከቀበሌ የሚጻፍለት የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አሠራሩን ለወጠው። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ነገር ግን አባሉ በየደረጃው ያለውን የሪፈር ሥርዓት መከተል ይኖርበታል። ከጤና ጣቢያው ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የመጣ ገበሬ መታወቂያው በኪሱ እያለ ከፍሎ እንዲታከም ሊጠየቅ ይችላል። ይህንን የማያውቅ ባለሙያ ሰውዬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይልከዋል፤ እኛም በአንዲት የሪፈር ወረቀት ይቃና ለነበረ ጉዳይ ሙዳየ ምጽዋት እንከፍታለን።

ሌላው የኤች አይ ቪ ጉዳይ ነው። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የጸና ሰው፣ በሩካቤ ቫይረሱን ለትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የሠለጠነና ከዚያ ወዲህ ያልተማረ አማካሪ ግን ይህንን አይነግራቸውም። ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት የምንጠይቅ እኛ፣ ወጣቶቹን ወደ ምክር አገልግሎት ስንልክ ምን ሰምተው እንደሚመለሱ ልናስብ ይገባል። በአሮጌ ምክር የፈረሰ እጮኝነት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከሁሉ ይልቅ ወደ እኛ የሚቀርበው የጠበል ነገር ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ አስታውቀዋል። ይሁን እንጂ ችግሩ በብዙ ቦታ አሁንም አለ። በአንድ ሆስፒታል ያገኘኋት ባለሙያ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። የሚጥል በሽታ ያለባት ወጣት መድኃኒቷን አቋርጣ ጠበል ገባች። ባለሙያዋ ስልክ ደውላ ገሠጸቻት፤ ልጅቱም ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሣችም። ከዓመት በኋላ ይህችው ባለሙያ በአንድ የጉዳይ ውይይት ላይ ተገኝታ ከአንዲት አንጋፋ ነርስ የሰማችው ነገር አጭር ነበር፤ «ጠበሉን ስንት ሰዓት ነው የምትጠጪው ብለሽ ጠይቂያት»። ለካ ልጅቱ መድኃኒቱን የተወችው ጠበሉ በባዶ ሆድ ስለሚጠጣና የጠዋቱ ክኒን ከምግብ ጋር ስለታዘዘላት ኖሯል። ሐኪሙ ሰዓቱን ሊያስተካክልላት ይችል ነበር። ባለሙያዋ ይህንን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ከመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም፤ ከባልደረባ ጋር ተቀምጦ የራስን ስሕተት ከመመርመር እንጂ። በእንግሊዝ አገር የሙያው ተቆጣጣሪ አካል እያንዳንዱ የተመዘገበ ባለሙያ በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት የትምህርት መዝገብ እንዲያቀርብ ሲያዝ፣ ከሁለቱ አንዱ ከባልደረባ ጋር የተመከረበት እንዲሆን የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በአገራችን ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለሌሎች የጤና ባለሙያዎች ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ከፈቃድ እድሳት ጋር ተያይዟል። እኛ በጎበኘናቸው ሆስፒታሎች ግን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ከአስተዳደር ሠራተኛ ተቆጥሮ ከሥልጠናው ስም ዝርዝር ውጭ ሆኖ አግኝተነዋል። ጥሪ ሲደርሰውም ጊዜው በአዳራሽ ንግግር ያልቃል፤ የውሎ አበል ተከፍሎ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ ይበተናል። ይህንን የምለው እኛም በፕሮጀክቶቻችን ተመሳሳይ ሥልጠና አዘጋጅተን ስለምናውቅ ነው።

የአጥቢያ ድርሻ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ለጉዳይ ውይይት የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ጥቂት ወንበርና በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሆስፒታሉ ቦታ ካጣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሥራ ቀን ባዶውን ይውላል። ከካህናት አንዱ በውይይቱ ቢገኝ ባለሙያዎቹ ስለ ጾም፣ ስለ ጠበል፣ ስለ ንስሐ አባትና ስለ ልጁ ግንኙነት የማያውቁትን ይማራሉ፤ እርሱም ስለ መድኃኒትና ስለ መድን የማያውቀውን ይማራል። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል፦ በውይይቱ የሕመምተኛው ስም አይነሣም። ባለሙያው ሕመምተኛው ሳይፈቅድ ለንስሐ አባቱም ቢሆን የሕመሙን ነገር አይገልጥም። በዚህ ቅር የሚሰኙ አባቶች አጋጥመውናል፤ ይሁን እንጂ የንስሐን ምሥጢር የሚጠብቅ ካህን ይህንን ለመረዳት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሰበካ ጉባኤያት የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ ግልባጩን ለሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አድርጉ። የሕመምተኛውን የካርድ ቁጥር፣ የጤና መድን አባልነቱን፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደተላከና ከአጥቢያው የሚከታተለውን ሰው ስልክ ጥቀሱ። የበሽታውን ስም ግን አትጻፉ፤ ደብዳቤው በብዙ እጅ ያልፋልና።