የራዲዮ ዝውውር

ሹም ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲዛወር ደመወዙና ማዕረጉ ይከተሉታል፤ የመኪና ራዲዮ ከመኪና ወደ መኪና ሲዛወር ግን የለመደውን ሁሉ ትቶ ነው የሚሄደው። አንባቢዎቻችን ዛሬ ስለዚሁ ዝውውር ጥቂት እንድንጨዋወት ይፍቀዱልን።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከሉማሜ ጤፍ ጭኖ የሚነሣ የአይሱዙ ሾፌር የዓባይን ቁልቁለትና ዳገት ያለ ዘፈን ማለፍ ይከብደዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ሶማሌ ተራ ጎራ ይልና ከኮሮላ የተፈታ የፋብሪካ ራዲዮ ገዝቶ «ይህንን ግጠምልኝ» ይላል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ እኛ እንደምናየው ከስም የለሹ አዲስ ዕቃ ይልቅ አሮጌው የፋብሪካ ሥራ ብዙ ጊዜ ይበረታል። ነገር ግን የሁለቱ መኪናዎች ልዩነት ራዲዮው በሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ብቻ አይደለም።

ኮሮላ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። አይሱዙ ኤን ፒ አር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረውለት በ24 ቮልት ይሠራል። ለ12 የተሠራውን በ24 ላይ የቀጠለ ሰው ዕድለኛ ቢሆን ፊውዙን፥ ባይሆን ራዲዮውን ያቃጥላል።

ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሠራተኞች ዘዴ አላቸው፤ ሽቦውን ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል ይስባሉ። ራዲዮው ወዲያው ይዘፍናል፤ ሾፌሩም ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ራዲዮው የሚበላው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ሲሆን ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ይሞላል። በዚህም ምክንያት አንደኛው ባትሪ ሳይጠግብ ይከርማል፤ ሁለተኛው ከመጠን በላይ እየተሞላ ውሃው ይደርቃል። አንድ ቀን ማለዳ ሞተሩ አልነሣ ሲል ወቀሳው በሞተሪኖው ላይ ይወድቃል እንጂ ራዲዮውን የሚጠረጥር የለም። የሁለት ባትሪ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ለሾፌር አይነገረውም።

መድኃኒቱ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ነው። በራዲዮው ጀርባ ያለው ፊውዝ 10 አምፔር ከሆነ የመቀነሻው ዐቅም ከዚያ ማነስ የለበትም።

ራዲዮው ሲፈታ ሶኬቱ ከነሽቦው አብሮ ቢመጣ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ራዲዮዎች ቢጫ መስመር ያለበት ሰማያዊ ሽቦ ዘወትር ከባትሪ ጋር የሚገናኝ፥ ግራጫው በቁልፍ የሚበራ፥ ቡናማው ወደ ቦዲ የሚሄድ ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል የስፒከሮቹን ነጌቲቭ ከቦዲ ጋር ማሰር ግን የአሮጌ ዘመን ልማድ ነው። በዛሬዎቹ ራዲዮዎች ወደ ስፒከሩ የሚሄዱት ሁለቱም ሽቦዎች ኤሌክትሪክ ስለሚሸከሙ እንዲህ ያለው ቁጠባ ማጉያውን ይገድለዋል።

ኮሮላው በቀጥታ ከጃፓን የመጣ እንደሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ ያገለገለ ቪትስ የገዙ ወጣት ሠራተኞችም ሳይቀምሱት አልቀሩም። በጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭት ለብዙ ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሾፌሩ አዲስ አበባ ገብቶ 97.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ቢፈልግ ቁጥሩ አይደርስለትም። ለዚህ በአንቴናው ሽቦ መካከል የሚገባ ትንሽ መለወጫ ይሸጣል፤ በ20 ሜጋኸርዝ የሚያወርድ ከሆነ ሸገር 82.1 ላይ ይሰማል። የመለወጫው ሽቦ መታሰር ያለበት ከግራጫው ጋር ነው፤ ዘወትር ከባትሪ በሚመጣው ላይ ከታሰረ ሾፌሩ በተኛበት ባትሪውን ሲጠባ ያድራል።