ስለ ድመት ጉበትና ስለ ነቀርሳው

ድመት መታመሟን ለሰው አታሳይም። በማደሪያችን ሦስተኛ ፎቅ አራት ዓመት የኖረችው ግራጫዋ ድመታችንም እንዲሁ ነበረች። ከሥጋ ቤት የምናመጣላትን ሳንባ አሽትታ ስትተወው «የሆነ ቦታ በልታ ነው» እያልን አንድ ሳምንት አሳለፍን። በስምንተኛው ቀን ድዷና የጆሮዋ ውስጥ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ባየነው ጊዜ ግን ፎቁ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ሁለተኛው «የጉበት ካንሰር ነው፤ በከንቱ አታሠቃዩአት» ብሎ ፈረደ፤ ሦስተኛው ከመሳቢያው ፓራሲታሞል አወጣ። ክኒኑን ያስጣልነው በብዙ ክርክር ነው። የፈራጁን ቃል ግን ሁላችንም ስለ ተቀበልን ሌላ ሁለት ቀን ባዶ ሆዷን ተኛች።

በመጨረሻ የወሰድናት የእንስሳት ሐኪም ሆዷን ዳበሱ፤ በአልትራሳውንድም ተመለከቱ። ጉበቷ በጠቅላላው አብጦ ነበር፤ ለብቻው የበቀለ እባጭ ግን አልታየም። በቀጭን መርፌ ባወጡት ናሙና ውስጥ የተገኙትም ስብ የሞላባቸው የጉበት ሕዋሳት ናቸው። በማግስቱ ሞተች። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ጉበት ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ነቀርሳ» በአማርኛችን ለብዙ ክፉ በሽታ የሚበቃ ስም ነው፤ በባክቴሪያ የሚመጣውን የሳንባ በሽታም፣ ካንሰርንም በዚሁ ስም እንጠራለን። አንድ ስም ሲሰፋ ፍርዱም አብሮት ይሰፋል፤ የማይድን መስሎ የታየን ሁሉ ነቀርሳ ይሆናል።

የድመታችን በሽታ የጉበት ስብ ይባላል። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ስለ ሆነች ረኃብን እንደ ሌሎች እንስሳት አትችልም። ለጥቂት ቀናት ምግብ ካልገባላት ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ እያወጣ ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቷ ደግሞ ይህን ያህል ስብ በአንድ ጊዜ አጣርቶ ለማሳለፍ አይችልም። ስቡ በሕዋሳቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሐሞት መውረጃ ያጣል፤ ድመቲቱም ቢጫ ትሆናለች። ይልቁንም የሚያሰጋው ለወፍራም ድመት ነው። መድኃኒቱ ራሱ ምግብ ነው፤ ይኸውም በአፍንጫ ወይም በአንገት በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ለብዙ ሳምንታት መመገብ ማለት ነው። በጊዜ የተያዘች ድመት ብዙውን ጊዜ ትድናለች። ዳሩ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ ምግብ ያስተዋት ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ከነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለቱንም መፈለግ አለበት።

እውነተኛው የጉበት ካንሰርስ? ከጉበት ራሱ የሚነሣው በድመት ላይ ብዙ አይገኝም፤ የሚገኘውም በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት ባለፈ ድመቶች ላይ ነው። ምልክቶቹ ክሳት፣ ማስመለስ፣ ድካምና ምግብ መጥላት ናቸው። እንግዲህ ከረኃቡ በሽታ በዓይን ለመለየት እንደማይቻል ልብ ይሏል፤ እንዲያውም የጉበት ካንሰር ይዞአት ቢጫ የማትሆን ድመት ብዙ ናት። ከዚህም በላይ በድመት ጉበት ላይ የሚበቅለው እባጭ ሁሉ ክፉ አይደለም። ከሐሞት ቱቦ የሚነሣው ውኃ የቋጠረ እባጭ ለዓመታት ቆይቶ ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት ሊገኝ ይችላል።

ሕክምናውን የሚወስነው የእባጩ ቦታና ዐይነት ነው። በአንድ የጉበት ክፍል ብቻ የተወሰነ ከሆነ ያንን ክፍል በቀዶ ጥገና ማውጣት ይቻላል። ጉበት ተቆርጦ መልሶ የሚያድግ አካል ነውና፤ ጤነኛ ከሆነ ሁለት ሦስተኛው ቢወጣ እንኳ የቀረው ያድጋል። ግሪኮች ስለ ፕሮሜቴዎስ ሲተርኩ ንስር ቀን የበላው ጉበቱ ሌሊት ይተካ ነበር ይላሉ፤ ተረቱን በክፍል ስንማር የሳቅን ሰዎች አሁን እናፍራለን። እንዲህ ያለው ቀዶ ጥገና የተሳካላቸው ድመቶች ከዚያ በኋላ ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ከመቁረጥ በፊት ግን የደሙ መርጋት ይመረመራል፤ ደምን የሚያረጉትን ነገሮች የሚሠራው ያው ጉበት ነው። በጉበቱ ሁሉ ከተበተነ ወይም ከሐሞት ቱቦ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ከደረሰ ቢላዋ አይረዳም፤ የሚቀረው ሕመሟን ማስታገስ ነው።

ሊምፎማ የሚባለው የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰር ከነዚህ ይለያል። ጉበትን ቢይዝም ለቀዶ ጥገና አይመችም፤ በኬሞቴራፒ መድኃኒት ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይገታል። ለዚህ በሽታ አንዱ ምክንያት ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቹ በግላስጎው በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያገኙት የድመት ሉኬሚያ ቫይረስ ነው። ለእርሱ ክትባት አለው። በ2018 ደግሞ የሰውን የጉበት በሽታ ቢ ቫይረስ የሚመስል ሌላ ቫይረስ በድመት ላይ በአውስትራሊያ ተገኝቷል።

ወደ ክኒኑ እንመለስ፤ በየማደሪያው መሳቢያ ውስጥ አለና። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን አርክሶ የሚያስወግድበት መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ እጅግ ደካማ ነው። መርዙ ቀይ ደሟን አየር እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ድዷ ይጠቁራል። ግማሽ ፍሬ እንኳ አንዲትን ድመት ሊገድላት ይችላል።

አሁን በሁለተኛው ፎቅ አንዲት ጥቁር ድመት አለች። በየወሩ መጀመሪያ ከእኛ አንዱ አቅፎአት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎም ብቻውን ይወጣል፤ ልዩነቱን በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት እንጽፋለን። ባለፈው ወር ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ነበረች።