ያልመረጡት ባልንጀራ፦ ስለ ተማሪዎች የሮቦት ግጥሚያ ሕግ

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወዳጆቻችን ልጃቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የሠራው ሮቦት የሚጋጠምበትን ቀን አብረናቸው እንድንውል ጠሩን። የሄድነውም ነገሩ እንደ እግር ኳስ ያለ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ያየነው ግን የተለየ ሆነ። ሕጉን ባለማወቅ የልጁ አባት እንዴት እንደ ተሳሳቱ ስላየን፥ ለወላጆች ይጠቅማል ብለን እንጽፈዋለን።

ውድድሩን የሚያካሂደው ፈርስት የሚባለው ድርጅት ነው። ይህን ድርጅት ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 አቋቋመው። በ1992 በኒው ሃምፕሺር ግዛት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት 28 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። እኛ ያየነው ከድርጅቱ ውድድሮች አንዱ የሆነውን ፈርስት ቴክ ቻሌንጅን ነው።

ሥርዐቱ እንዲህ ነው። ሜዳው በየጎኑ 3 ሜትር ከ66 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ሁለት ቡድኖች በቀይ ወገን፥ ሁለት ቡድኖች ደግሞ በሰማያዊ ወገን ይሰለፋሉ። በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች መቈጣጠሪያውን የሚነካ ልጅ የለም፤ ሮቦቱ አስቀድሞ በተጻፈለት ትእዛዝ ብቻ ይሠራል። ቀጥሎ ለ2 ደቂቃ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይነዱታል። የጨዋታው ዐይነትም በየዓመቱ አዲስ ሆኖ ስለሚታወጅ፥ የአምናውን ያወቀ የዘንድሮውን ዐውቃለሁ ሊል አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የባልንጀራው ነገር ነው። በማጣሪያው ግጥሚያ ባልንጀራውን የሚመርጥ ማንም የለም፤ ተራው አስቀድሞ እንደ ዕጣ ይወጣል። ስለዚህ በጠዋት አብሮ የተሰለፈው ቡድን ጥቂት ቈይቶ ተጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲያጠፋም ቅጣቱ ለወገኑ ሁሉ ይተርፋል፤ ይኸውም ከአጥፊው ነጥብ አይቀነስም፥ ለተጋጣሚው ወገን ይጨመራል እንጂ።

የወዳጃችን ልጅ በቀይ ወገን ሆኖ እየመራ ሳለ፥ የባልንጀራው ሮቦት አንዱን ሰማያዊ ሮቦት ጥግ አስይዞ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ አገደው። ዳኛውም ቅጣት ቈጠረ፤ ቀዩም በዚያው ተሸነፈ። አባትየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፥ «ልጄን ያሸነፉት ሰማያዊዎቹ አይደሉም፤ እነዚህ ናቸው!» ብለው እነዚያ ልጆች እየሰሙ በእንግሊዝኛ ጮኹ። ወደ ዳኛውም ሊሄዱ ቃጣቸው። ነገር ግን ዳኛውን መጠየቅ የሚችለው በተመደበለት ስፍራ የሚቆም ተማሪ እንጂ ወላጅ አይደለም።

ልጁ ሄዶ ጠየቀ፤ አዳምጦም ተመለሰ። «አባዬ፥ ቅጣቱ ትክክል ነው። እነርሱም ሆን ብለው አላደረጉትም» አለና፥ አባቱን ትቶ ወደ እነዚያ ልጆች ጠረጴዛ ሄደ። የሮቦታቸው ሰንሰለት ላልቶ ስለ ነበረ፥ እስከ ምሳ ድረስ አብሮአቸው ሲያጠብቅ ቈየ።

ከቀትር በኋላ የማጣሪያው ውጤት ተነበበ። በሕጉ መሠረት ከፍተኛ ደረጃ ያገኙ ቡድኖች ለመጨረሻው ዙር ባልንጀራቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የተጠራው ቡድን እምቢ ቢል ግን ሌላ ቡድን ሊጠራው አይችልም። ከመራጮቹ መካከል እነዚያው በጠዋት የተሰደቡት ልጆች ነበሩ። አለቃቸው ወደ መካከል ወጥታ የወዳጃችንን ልጅ ቡድን ቍጥር ጠራች፤ ልጁም በደስታ ተቀበለ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ አባትየው ራሳቸውን ደፍተው ጥቂት ተቀመጡ። በኋላም ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ ሄደው፥ «በጠዋት የተናገርሁት ስሕተት ነበር፤ ይቅር በሉኝ» አሉአቸው። በዚያ ቀን ዋንጫ አልወሰዱም፤ ሁለተኛውን ግጥሚያ ተሸንፈው ወጡ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን በመኪናው ውስጥ የተነሣው ወሬ ስለ ዋንጫው ሳይሆን ስለዚያ ሰንሰለት ነበር።

ልጆቻችሁ እንዲህ ባለ ውድድር የሚሳተፉ ወላጆች ሆይ፥ የዓመቱን የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ሁሉን ማጥናት ባይቻል እንኳ፥ ቅጣት እንዴት እንደሚቈጠር፥ ዳኛን ማን እንደሚጠይቅና ባልንጀራ እንዴት እንደሚመረጥ ማወቅ ይበቃል። ይህን ያወቀ ወላጅ፥ ሌላውን ልጅ ከመውቀሱ በፊት የራሱን ልጅ ይጠይቃል።