የመምህሩ እምነትና የመምህሩ ሥልጣን በመንግሥት ትምህርት ቤት

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋማ ቀበሌዎች፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት መካከል ዲያቆናት፣ ቀሳውስትና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ይገኛሉ። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ አገልጋይ፣ ሲነጋ ጠመኔ ይዞ በተማሪዎች ፊት ይቆማል። ይህም ለቤተ ክርስቲያንም ለትምህርት ቤቱም በረከት ነው። ሆኖም ከሰበካ ጉባኤያት ዘንድ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ካህን የሆነ መምህር ክፍለ ጊዜውን በጸሎት ቢጀምር ምን ክፋት አለው? ማተብ ማሰርስ ይከለከላል? ለበዓል ቀን ቢቀርስ? በዚህ ጽሑፍ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ምክንያቱስ ምን እንደ ሆነ፣ ከእኛስ ምን እንደሚጠበቅ እናብራራለን።

በቅድሚያ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗን ደንግጎ ነበር። በዚያ ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የግብረ ገብ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚያስተምሩት ካህናት ነበሩ። የዛሬዎቹ አረጋውያን አባቶቻችን ይህን ያስታውሳሉ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ያ ሥርዓት ቀረ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ድንጋጌዎች አሉት፤ ሦስቱም አንድ ላይ ሊነበቡ ይገባል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ የመንግሥት ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው እምነቱን ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር፣ በግል ወይም በይፋ የመግለጽ መብት ይሰጠዋል፤ ማንንም በእምነቱ ጉዳይ ማስገደድን ይከለክላል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል።

መምህር በእነዚህ ድንጋጌዎች ፊት በሁለት ወገን ይቆማል። እንደ አማኝ የራሱ መብት አለው፤ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የሌላ ወላጅ ልጅ በአደራ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ነገሩን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ መምህሩ የሚያደርገው የራሱን እምነት በራሱ ላይ መኖር ነው ወይስ በወንበሩ ሥልጣን ተጠቅሞ የተማሪውን እምነት መንካት ነው?

በአንገቱ ማተብ ያሰረ፣ በጾም ቀን የሚጾም፣ ምሳውን ከመብላቱ በፊት በልቡ የሚጸልይ መምህር የራሱን እምነት ይኖራል። ሙስሊሟ መምህርት ፀጉሯን ብትሸፍን እንዲሁ ናት። የክፍሉን ተማሪዎች በሙሉ አስነሥቶ ጸሎት የሚያደርስ፣ መስቀል የሚያሳልም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ከተማሪዎች ገንዘብ የሚሰበስብ፣ የሌላውን ሃይማኖት በትምህርት መካከል የሚነቅፍ መምህር ግን በሥልጣኑ ተጠቅሟል። «የማይፈልግ ይቀመጥ» ማለቱ ነገሩን አያቀለውም። የአሥር ዓመት ልጅ ውጤቱን በሚሰጠው መምህር ፊት፣ ጓደኞቹ ሁሉ ቆመው ሳለ ለብቻው መቀመጥ አይቻለውም። ስለ ሃይማኖት ማስተማርና ሃይማኖትን መስበክ ግን የተለያዩ ናቸው። የታሪክ መምህር ስለ ጎንደር አድባራት ወይም ስለ እስልምና ወደ ኢትዮጵያ መግባት ቢያስተምር ሥራውን ሠራ እንጂ አልሰበከም።

ጥያቄው በሌሎች አገሮችም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ሕፃናትን የምታስተምር አንዲት የስዊዘርላንድ መምህርት ፀጉሯን እንዳትሸፍን መከልከሏን በመቃወም ያቀረበችውን አቤቱታ አልተቀበለም። የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በ2015 በመምህራን ላይ የተጣለው ጅምላ ክልከላ ተገቢ እንዳልሆነ ወሰነ። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከጨዋታ በኋላ በሜዳው ላይ ተንበርክኮ ይጸልይ ለነበረ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ፈረደ፤ ዳኞቹን የለያያቸው አንዱ ነጥብም ተማሪዎቹ አብረው እንዲጸልዩ ጫና ደርሶባቸው ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ፍርዶቹ ቢለያዩም ልጁ ነጻ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በየቦታው ይነሣል።

ይህ ጥያቄ በእኛ አካባቢ ክብደት አለው። ጎንደር የአቋቋሙና የትርጓሜው መናኸሪያ የሆኑ አድባራት ከተማ ናት፤ አዲስ ዓለም ግን ከጥንት ጀምሮ የሙስሊሞች ሰፈር ነው፤ ወለቃም የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። በስሜን ተራሮች ከሚገኘው የግጭ መንደር ተነሥተው ወደ ደባርቅ የሰፈሩት ቤተሰቦችም በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ዕለት የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት እንዳጠፋ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ኀዘን በኋላ የሁለቱ ወገን ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው የሚውሉት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንድ እናት ልጇን ወደዚያ ስትልክ እምነቱ እንደማይነካበት ካላመነች፣ ልጇን ታስቀረዋለች። ኦርቶዶክሳውያን ቁጥራቸው አነስተኛ በሆነባቸው የአገራችን አካባቢዎች የእኛን ልጅ የሚጠብቀውም ይኸው ሕግ ነው። እዚያ እንዲከበርልን የምንሻውን እዚህ ማክበር ይገባናል።

በደጋው ወረዳዎች የበዓላት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ23ና በ27 ገበሬው ሞፈር ቀንበሩን ሰቅሎ ይውላል። ካህን የሆነ መምህር በእነዚህ ቀናት ለቅዳሴ ሲጠራ ክፍሉ ያለ መምህር ይቀራል። በመንግሥት የታወቁ በዓላት ትምህርት ቤቱን ያዘጋሉ፤ የወር በዓላት ግን የሥራ ቀናት ናቸው። ክፍሉ ባዶ ሲውል ተጎጂው በአብዛኛው የራሳችን ምእመን ልጅ ነው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲያደርጉ በትሕትና እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ የአገልግሎት ተራ ሲወጣ መምህራን የሆኑ ካህናትና ዲያቆናት በሰንበትና ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲመደቡ ይደረግ። ሁለተኛ፣ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ስብከትም ሆነ የገንዘብ ማሰባሰብ እንዲፈጽም አይጠየቅ፤ እምቢ ማለት የሚከብደው ከንስሐ አባቱ ወይም ከአለቃው የመጣ ጥያቄ ሲሆን ነውና። ሦስተኛ፣ ማተቡን እንዲበጥስ የታዘዘ ወይም በእምነቱ የተገፋ መምህር ሲኖር፣ ነገሩ ከጩኸት በፊት በጽሑፍ ለርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት መምህር ሲገፋም ዝም አንበል። አራተኛ፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ያሉ ምእመናን የትምህርት ቢሮውን መመሪያ ከርእሰ መምህሩ ጠይቀው ያንብቡ።

ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን የሚማሩበት ቦታ አላጣንም። የአብነት ትምህርት ቤቱ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱና የወላጅ ቤት አሉ። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ተዳክሞ ሳለ ሸክሙን በሒሳብ መምህሩ ላይ ብንጥል፣ መምህሩን ከሕግ ጋር እናጋጨዋለን እንጂ ልጁን አናንጸውም። ካህኑ መምህር በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ምስክርነት በሰዓቱ መገኘቱ፣ ለማንም አለማድላቱና ሁሉንም ልጆች እንደ ራሱ ልጆች ማየቱ ነው። ይህን ምስክርነት የሚከለክለው ሕግ የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።