ድር ቢያብር፤ የየምሽቱ ጨዋታ እንዴት አንድ ታሪክ ይሆናል?

አምስት ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ሲጫወቱ አመሹ እንበል። ጨዋታው እጅግ ስላስደሰታቸው «በሚመጣው ቅዳሜ ካቆምንበት እንቀጥላለን» ተባብለው ተለያዩ። ቅዳሜው ሲደርስ ግን አንዱ ፈተና አለበት፤ ሁለተኛው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተልኳል፤ ሦስተኛውም «ያለ እነርሱ ምን ይሆናል?» ብሎ ቀረ። ታሪኩ ከመካከል ተቋረጠ፤ ማኅበሩም አብሮ ፈረሰ። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ይህ እንዳይደርስ የሚረዳውን ዘዴ ነው።

ለመሆኑ ጨዋታው ምን ዓይነት ነው? ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ይሆንና አገሩን፥ መንገዱንና ጠላቱን በቃል ይሥላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክ ይዘው «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፥ «እኔ ሽማግሌውን አነጋግራለሁ» እያሉ ይመልሱለታል። የሚያጠራጥረውን ነገር ዳይስ የሚባለው ዕጣ መጣያ ይቆርጠዋል። ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች በመጀመሪያ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን፥ አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. አወጡት።

ከዚያ በኋላ በጥቂት ምሽት የሚያልቁ ጀብዱዎች በቀጫጭን መጻሕፍት እየታተሙ ይሸጡ ጀመር። እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው። እነዚህን ለማያያዝ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን ጋይጋክስ በ1978 ያወጣቸው ሦስት ጀብዱዎች ናቸው። ሦስቱም በዚያው ዓመት ኦሪጅንስ በተባለው የተጫዋቾች ጉባኤ ለውድድር ቀርበው ነበር። በመጀመሪያው የኮረብታ ግዙፎች አለቃ፥ በሁለተኛው የበረዶ ግዙፎች መስፍን፥ በሦስተኛው የእሳት ግዙፎች ንጉሥ ይገጠማል። ሁሉም የየራሱ መነሻና መድረሻ አለው። ነገር ግን «ግዙፎቹን በስውር የሚያነሣሣቸው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ፍለጋው ከምድር በታች ወደሚኖሩት ድራው ወደሚባሉት ሕዝቦች ስለ መራ፥ ሌሎች ሦስት ጀብዱዎች ተከተሉ። በ1980 ደግሞ የሸረሪቶች ንግሥት ሎልዝ የምትገኝበት ሰባተኛው ታተመ። በ1986 ሰባቱም በአንድ መጽሐፍ ተጠቃለሉ። አንዲት ያልተመለሰች ጥያቄ ይህን ሁሉ መንገድ አስኬደች ማለት ነው።

እንግዲህ አጫዋች ለመሆን የሚያስብ ወጣት እነዚህን አራት ነገሮች ልብ ይበል።

አንደኛ፥ ለባለታሪኮቹ መመለሻ ይስጣቸው። የመሥሪያ ቤት መርማሪ ዛሬ ወደ አንድ ወረዳ፥ በሚመጣው ወር ወደ ሌላ ይላካል፤ ጉዳዩ ቢለያይም የላከው ሹም ያው ነው። እነርሱም አንድ ላኪ ወይም አንድ መንደር ካላቸው፥ የየምሽቱ ጀብዱ ከዚያ ተነሥቶ እዚያው ያበቃል። ባለፈው ቅዳሜ የቀረው ጓደኛም ባለታሪኩ መንደር ሲጠብቅ ሰነበተ ተብሎ ሳያፍር ይመለሳል።

ሁለተኛ፥ የተገዙትን ጀብዱዎች ስም ያዛምድ። በአንዱ መጽሐፍ ያለውን መንደር በሌላው ባለው መንደር ይተካ፤ የሦስተኛው ጀብዱ ጠላት በመጀመሪያው ላይ እንግዳ ሆኖ ይታይ።

ሦስተኛ፥ መዝገብ ይያዝ። ማን እንደ ተገኘ፥ ምን ቃል እንደ ተገባ፥ ማን እንደ ተማረ ይጻፍ። ነፍሱን ያተረፉለት ነጋዴ ከሁለት ወር በኋላ አውቋቸው ቤቱን ቢከፍትላቸው የሠሩት ሥራ ዋጋ እንዳለው ይሰማቸዋል። የማያውቃቸው እንደሆነ ግን ክሩ ተበጠሰ።

አራተኛ፥ ፍጻሜውን አስቀድሞ አይቁረጥ። በየምሽቱ መጨረሻ አንዲት ጥያቄ ብቻ ያስቀር፤ አሥር ጥያቄ ቢተው ሁሉም ይረሳል። መልሱን የሚያገኙት ተጫዋቾቹ ናቸውና መንገዱን ለእነርሱ ይተውላቸው።

ተረት ነጋሪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ይላል። በዚህ ጨዋታ ተረቱን የሚመልሱት በሚመጣው ቅዳሜ የሚገናኙት ጓደኛሞች ናቸው። ሥራና ትምህርት ቢበታትናቸውም ለመገናኘት ምክንያት አላቸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!