የከተሞቻችን ታሪክ በእንግዳ ብዕር፦ ከደባርቅ ሲነበብ

የከተማ ታሪክ ከዜና መዋዕልም ከገድልም ይለያል። የዜና መዋዕል ማዕከሉ ንጉሥ፣ የገድል ማዕከሉ ጻድቅ ሲሆን፣ የከተማ ታሪክ ማዕከሉ ገበያው፣ መንገዱና ነዋሪው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዘርፉን አንድ ታላቅ ሥራ ከተወለድኩበት ከደባርቅ አንጻር ለማየት እሞክራለሁ። ጸሐፊው ኢትዮጵያን ሁለተኛ አገራቸው ያደረጉት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው።

ፓንክኸርስት በ1956 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር ከእንግሊዝ መጥተው አዲስ አበባ ተቀመጡ። ሲልቪያ አሳታሚ ደጅ የሚጠኑ ሰው አልነበሩም። በ1936 ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ነጻነት የሚሟገት ጋዜጣ መሥርተው ለሃያ ዓመታት ያህል መርተውታል፤ አዲስ አበባ እንደ ገቡም «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት ጀመሩ። በ1960 ሲያርፉ ልጃቸው ሥራውን ቀጠሉበት።

በ1982 እና በ1985 ጀርመን ውስጥ በእንግሊዝኛ የታተሙት የፓንክኸርስት ሁለት የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ቅጾች የዚሁ ትጋት ፍሬ ናቸው። በአመዛኙ የተመሠረቱትም የውጭ አገር መንገደኞች በተዉት ማስታወሻ ላይ ነው።

ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ አድዋና ምጽዋ የሚዘልቀው ጎዳና የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ወደ ጎንደር ሲሄድ ሊማሊሞን ወጥቷል። ሆኖም የመንገደኛ ልብ ያለው ከመድረሻው ላይ ነው፤ ያደረበትን መንደር በጥቂት መስመር ያልፈዋል። «ምዕራፍ» የሚለው ቃል በግዕዝ ማረፊያም ማለት ነው። ስለዚህ ጎንደር የመጽሐፍ ምዕራፍ ስትሆን፣ ደባርቅ የመንገደኛ ምዕራፍ ሆና ትቀራለች።

ይህን የጸሐፊው ጉድለት አልለውም፤ ምንጩ ወሰናቸው እንጂ። ጉድለቱ የእኛ ነው። በልጅነቴ ሽማግሌዎች አሞሌ ጨው ጭነው ሊማሊሞን ስለ ወጡ አባቶቻቸው ሲያወጉ ሰምቻለሁ፤ አንዱንም አልጻፍኩም። ከእነዚያ አውጊዎች ዛሬ አብዛኞቹ በሕይወት የሉም።

ስለሆነም ተማሪዎቻችን ከሰፈር ስም፣ ከቀረርቶና ከነጋዴ ወግ ቢጀምሩ መልካም ነው። አሳታሚ ባይገኝ እንኳ፣ ሲልቪያ እንዳደረጉት፣ በራስ ድካም ማሳተም ይቻላል። እንግዳው የበኩላቸውን አድርገው በ2017 አርፈዋል፤ የቀረው የባለቤቱ ድርሻ ነው።